ትሎቻችንን በበረኪና አጥበው ላስጎበኙልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ቢቂላ ጉደታ
የቀጠናችን ጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡራዩ

ጉዳዩ፦ ከግቢዎ አንድ ጣሳ ትል እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በአጥርዎ ሥር የተተከሉት ጽጌረዳዎችም በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲገኙ እመኛለሁ። የጽጌረዳዎቹን ጤንነት ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል። ለጊዜው ግን ምኞቴ ከልብ መሆኑን ይመኑልኝ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሚያገኟቸው መልካም ምኞቶች ሁሉ ከልብ የሆነው የጽጌረዳዎቹ ብቻ ነውና።

ስሜን ባያስታውሱ እንዳይጨነቁ ራሴን ላስተዋውቅ። ገርባ ቱፋ እባላለሁ። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት በሰማያዊ ጃንጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው አቶ አብዶ በሩን እስኪከፍትልዎ ድረስ መኪናዎ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ይቆማል፤ እርስዎ ስልክዎን ያያሉ፣ እኔ እርስዎን አያለሁ። "በታላቅ ትህትና" የሚለውን ሐረግ በዚህ እጄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው፣ ለራሴ ጉዳይ ግን ጽፌው አላውቅም። ዛሬ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ትህትናው አንዳንድ ቦታ ላይ ቢሳሳብኝ የልምድ ማነስ መሆኑን ተረድተው ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን አሽጌ በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባት ሲገባኝ ግልጽ ማድረጌም ንቀት እንዳይመስልብኝ። መዝገብ ቤትዎ የገባ ወረቀት ተመልሶ የወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በቢሮዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱን በጎረቤታችን በወይዘሮ ራቢአ ሱቅ በር ላይ፣ አንዱን ደግሞ ሚኒባስ ተራው ጋ ለጥፌዋለሁ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው ነገር ይፈልጋል።

ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት ከባለቤቴ መጀመር አለብኝ። ጠጅቱ ትባላለች። ከገፈርሳ ወዲህ፣ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ እሾህ ብቻ በሚበቅልበት መሬት ላይ ተወልዳ፣ እዚያው ድንችና ጎመን ስታለማ አርጅታለች፤ እኔ እዚህ እጽፋለሁ፣ እርሷ እዚያ ትቆፍራለች፣ እንዲህ ነበር የምንኖረው። የዛሬ አራት ዓመት መሬቱ ለልማት ሲፈለግ የመሬት አስለቃቂው ኮሚቴ ጸሐፊ ክቡርነትዎ ነበሩ። በውሳኔው ላይ ያለው ሦስተኛው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ በእጅ ጽሕፈት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ከሦስቱም የሚያምረው እርሱ መሆኑን ልመሰክርልዎ እችላለሁ። ልማቱ እስካሁን አልደረሰም። የአምቦ መንገድ በጠዋትና በማታ እንዴት እንደሚጨናነቅ ስለምናውቅ ታግሰን እየጠበቅነው ነው።

እኛም ወደ ሁለት ክፍል ቤት ገባን። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። ጠጅቱ በገባን በሳምንቱ ግቢውን በእርምጃዋ ለክታ፣ መዳፍ የምታህል እንኳ አፈር እንደሌለበት ካረጋገጠች በኋላ ተኛች። በሽታ የለባትም፣ ሐኪም ቤት ወስደናት ምንም አልተገኘባትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ብቻ ነው። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። እኔም ቀን ቀን ለሰው "ፍትሕ እንዲሰጠኝ" እያልኩ ጽፌ ስገባ ማታ ማታ ለጀርባዋ ራት አቀርብ ነበር።

ከዚያ አልጋ ያስነሳት ትል ነው፣ ክቡር ሆይ። የወይዘሮ ራቢአ ልጅ ሉብና ግብርና ኮሌጅ ስትማር ለመመረቂያዋ ያጠናችው የወጥ ቤት ትርፍራፊን በትል ወደ አፈር ስለመለወጥ ነበርና፣ ስትመረቅ የተረፏትን ቀያይ ትሎች በአንድ ጣሳ ይዛ መጣች። ሦስት የፕላስቲክ ሳጥኖችን ከሥር በጋለ ምስማር በስታ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ፣ ከዕቃ ማጠቢያችን ሥር ጨለማው ውስጥ አስቀመጠችልን። የትሎቹ መኝታ የተቀደደ እርጥብ ወረቀት ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ ያገለገለ ሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይበላሉ፤ ጨው፣ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቅባት አይስማማቸውም። ሽታቸው ዝናብ እንደጠገበ ማሳ ነው እንጂ ሌላ ሽታ የላቸውም።

ሁለት ወር ሲሞላ ሉብና የታችኛውን ሳጥን ከፍታ አንድ እፍኝ ዘገነችና በተኛችው ሴት መዳፍ ላይ አደረገችው። ጠጅቱ ሳትዞር በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ ዞረች። አሸተተችውና "ቢዮ" አለች። በኦሮምኛ አፈር ማለቷ ነው። ክቡርነትዎም ከዚያው ቋንቋ ስለተገኙ ቃሉን ያውቁታል፣ ወንበሩ ላይ ሲወጡ ካልወደቀብዎ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቤቴ የጦር ሰፈር ሆነ። ሴትዮዋ ተነስታ ጎረቤቱን ሁሉ ልጣጭ በባልዲ ማስመጣት ጀመረች። ወይዘሮ ራቢአ ከሱቋ የላሸ ሙዝ ስትልክ ጠጅቱ ባልዲውን እስከ ታች ፈትሻ "ሎሚ ያለበት ብታመጪ አንቺም እንዳትመጪ" ትላታለች፣ ወይዘሮ ራቢአም ትስቃለች። ስምንት ጆንያ አፈር ሞልታ ግድግዳው ሥር ደረደረች፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ በመጨረሻም በሲሚንቶ ላይ ድንች አበቀለች። የመጀመሪያውን ድንች ስታወጣ እንደ ሙሽራ አፍራ ነበር። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑ ብዬ ሳይሆን፣ ምን እንዳጠቡ በትክክል እንዲያውቁት ነው።

የእኔ ድርሻ ለመኝታው የሚሆን ወረቀት ማቅረብ ነበር። ደንበኞቼ "አይመለከተንም" ተብሎ የተጻፈባቸውን ማመልከቻዎች ይዘው ከቢሮዎ ሲወጡ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውረዋቸው ይሄዳሉ። እኔም እነርሱን ሰብስቤ፣ በስሱ ቀድጄ፣ በውኃ አርሼ ለትሎቹ አቀርብ ነበር። ቢሮዎ በሁለት ዓመት ሊያየው ያልቻለውን አቤቱታ ትሎቹ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀጠሮ ሳይሰጡ፣ አንድም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነን ሳይሉ፣ ከቀኑ እስከ ፊርማው መርምረው ጎመን የሚበቅልበት ነገር አደረጉት። በዚህ ቀጠና የሕዝብን ጉዳይ እስከ ፍጻሜው ያዩ እነርሱ ብቻ ነበሩ። የተፎካካሪ ነገር ደስ እንደማይል ይገባኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቢሮዎ ወግ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ሲቆጠር ቶሎ ያልቃል ብዬ ነው።

፩ኛ. ባለፈው የካቲት ባለሙያዎ አቶ ወንዲ ቤታችን መጥቶ፣ ሳጥኖቹን በባትሪ አይቶ፣ "ኦቦ ገርባ፣ ይሄማ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ይቀመራል" አለን። ጠጅቱ መቀመር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቃሉን በየማመልከቻው ስጽፍ ብኖርም ትርጉሙን አላውቀውም ነበር፤ በሚያዝያ ግን በተግባር አሳይተውናልና ለትምህርቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አቶ ወንዲ የዚያን ዕለት ለቢሮው ሠርቶ ማሳያ ብሎ አንድ ባልዲ ትል ከነአፈሩ ወሰደ። ባልዲው ቢሮ አልደረሰም። ክብርት ባለቤትዎ ለጽጌረዳ የሚሆን አፈር ይፈልጉ ነበርና በግቢዎ ፈሰሰ። አልተቀየምንም። ጠጅቱ እንዲያውም "ውኃ አብዝተው እንዳያሰጥሟቸው፣ ድርቆሽ ያልብሷቸው" ብላ መልእክት ልካልዎታለች። ምክሯን እንደሰሙ ከመንገድ ሆኜ አይቻለሁ፤ ጽጌረዳዎቹ ከአጥሩ በላይ ወጥተዋል።

፪ኛ. ከአዲስ አበባ የአንድ ድርጅት እንግዶች ተሞክሯችንን ሊጎበኙ ሊመጡ ሲሉ፣ በዋዜማው ሁለት የጽዳት ሠራተኞች መርጫ በጀርባቸው አዝለው ቤታችን ደረሱ። ጎብኚዎች ቆሻሻ ማየት ስለሌለባቸው ትሎቹ ይጽዱ የሚል ትእዛዝ ይዘዋል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ጠጅቱ ማጠቢያው ፊት ቆማ "ልጆቼ፣ ይሞታሉ" ብትላቸው ሠራተኞቹ ተጨንቀው ስልክ ደወሉልዎ፣ ድምፅዎንም ከፍ አድርገው አሰሟት። ክቡርነትዎ "አዴ ጠጅቱ፣ ቆሻሻ የነካው ሁሉ ይታጠባል፤ ነገ እንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩኝ" አሉ። በሕይወቴ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ ትልን ከአፈር ለማጽዳት የቆረጠ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት፣ በዚህም ስምዎ ሳይረሳ ይኖራል።

ሠራተኞቹ አፈሩን በወንፊት አጥልለው፣ ትሎቹን ለቅመው፣ በባልዲ በተበጠበጠ በረኪናና በዱቄት ሳሙና አጠቧቸው፤ በንጹሕ ውኃም ሁለት ጊዜ አለቀለቋቸው። ወረቀቱም፣ ልጣጩም፣ የወንፊቱ አፈርም፣ ስምንቱም ጆንያ ከነጎመኑ ለግቢው ገጽታ አይመችም ተብሎ ተጫነ። ለአራት ወር ደጃፋችንን ረግጦ የማያውቀው የቆሻሻ መኪና የዚያን ዕለት በሰዓቱ ነበር የመጣው። በጆንያዎቹ ቦታ የፕላስቲክ አበባ የተሰካባቸው አራት የሸክላ ማሰሮዎች ተቀመጡ። ጠጅቱ ይህን ሁሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አየች። ሠራተኞቹን አልከስም፤ አንደኛዋ ወይዘሮ ማሪቱ ስትወጣ የጠጅቱን ጉልበት ስማ አልቅሳለች። የታዘዙትን ነው ያደረጉት፣ ያዘዘው ሰው ግን ማንም አላዘዘውም።

፫ኛ. ስለ ጉብኝቱ ዕለት ዝርዝሩን መጻፍ ይከብደኛል፣ ቢሆንም የቢሮዎ ሪፖርት "በስኬት ተጠናቀቀ" ስለሚል ለስኬቱ ማስረጃ ላክልበት። ትሎቹ በነጭ ሳህን ላይ፣ በመጠን በመጠን ተደርድረው፣ ከማጠቢያው ላይ ተቀመጡ። ማጠቢያው ላይ ሪባን ታሰረ። ጠጅቱን "አረንጓዴ እናት" የሚል ቲሸርት በቀሚሷ ላይ አለበሷት። ክቡርነትዎ "አካም ጅርቱ፣ አዴ" ብለው ከጨበጧት በኋላ ሪባኑን ቆርጠው ስለ ትል ታታሪነት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። አንዲት ጎብኚ ጎንበስ ብላ አይታ ለምን እንደማይንቀሳቀሱ ስትጠይቅ፣ ክቡርነትዎ ሰው ስለለመዱ ረጋ ብለው ነው አሉ። ሁለት ሰው ፎቶ አነሳቸው።

ከዚያ ጠጅቱ አንድ ቃል እንድትናገር ተጋበዘች። ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋባታል። ሳህኑን እያየች "ዱአኒሩ" አለች። ሞተዋል ማለት ነው። ክቡርነትዎ ቋንቋውን ለማያውቁት እንግዶች ዞረው "በጣም ደስ ብሎኛል እያሉ ነው" ብለው አስተረጎሙላት። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ማንም አላየብኝም፣ ልደብቀው እችል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት በሹም በር ላይ የተቀመጠ እጅ ሹም ሲናገር ራሱን ችሎ ይነሳል። ጠጅቱ በእንግዶቹ መሐል አሻግራ እጆቼን አየቻቸው፣ ቀና ብላ ግን ፊቴን አላየችም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ጭካኔ የተጻፈው ሁሉ የእርስዎ ድርሻ ቢሆንም፣ ይህቺኛዋ የእኔ ናትና ከእርስዎ ሒሳብ ተቀንሳ ትያዝልኝ።

፬ኛ. እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህኑ ወደ ሳጥኑ ተገልብጦ በንብረት ርክክብ ቅጽ ተረከብን። ቅጹ እጄ ላይ አለ። የዕቃው ዓይነት፦ ትል። ብዛት፦ ያልተቆጠረ። ዕቃው ያለበት ሁኔታ፦ ንጹሕ። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ መሽተት ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አፈር የሸተተ ቤት ሬሳ ሸተተ። ጠጅቱ ሳጥኑን አላስነካ ብላ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከቢሮዎ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ደረሰን፤ አንዱ "በአካባቢ ጥበቃ አርአያ ለሆኑት" የሚል የምስክር ወረቀት፣ ሁለተኛው አካባቢን በመበከላችን ሳጥኑን በሦስት ቀን ውስጥ እንድናስወግድ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑ አንድ፣ ማኅተሙ አንድ፣ ያ የሚያምረው ፊርማም አንድ ነው። ሁለቱንም በፕላስቲክ አሽጌ ጃንጥላዬ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። የቢሮዎን አሠራር የሚጠይቀኝ ደንበኛ ሲመጣ መልስ ከመስጠት አርፌያለሁ።

፭ኛ. አምስተኛውን ቅሬታ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስድብ ነበር። ቁጥሩ ብቻ በክብር ይቀመጥልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ወዳጆቼ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እርስዎን ከትል ጋር እንዳነጻጽር ወትውተውኝ ነበር። ሉብና ስለ ትል ካስተማረችኝ በኋላ እንዲህ ያለ ነውር በብዕሬ ላይ ማለፍ የለበትም ብዬ እምቢ አልኳቸው። ትል ከሌላው የተረፈውን ብቻ ይበላል፤ ከበላውም የሚጠቅም ነገር ያወጣል። ያደረበትን ቤት አይሸጥም፣ አፈርን አፈር ነው ብሎ አይጸየፍም፣ ሲሞትም እንኳ ስኬት ነኝ ብሎ ሪፖርት አያቀርብም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ንጽጽሩ የሚበድለው ማንን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ዛሬ ጠጅቱ ተመልሳ ተኝታለች። ፊቷ ወደዚያው ግድግዳ ነው። የፊተኛው ጊዜ ሽሮ ሳመጣላት ሁለት ጉርሻ ትቀምስልኝ ነበር፤ አሁን እርሱንም ትታለች። ወይዘሮ ራቢአ ከትናንት በስቲያ ወጥታ በር ላይ ያዘችኝና "ኦቦ ገርባ፣ አላህን ፍራ፣ ለዓለም ሁሉ ስትጽፍ ለዚች ሴትዮ አንድ መስመር አጣህላት?" አለችኝ። አፍሬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሌላ መንገድ ሳልሞክር አይደለም የመጣሁብዎ። ሉብናን ጅማ ድረስ ደውዬ ጠይቄያታለሁ፤ እርሷም ሥራ ይዛ ሄዳለች፣ የኮሌጁ የትል ክፍልም ተዘግቷል። ከወንዝ ዳር ራሴ ቆፍሬ ያመጣሁት ትል የሜዳ ዘር ስለሆነ በሳጥን ውስጥ ሳምንት አልቆየም፤ ጠጅቱ ገና ሳሳያት "እነሱ አይደሉም" ብላ ፊቷን መልሳለች። የእኛዎቹ በሕይወት ያሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በእርስዎ ጽጌረዳ ሥር። ሁለት ጊዜ ግቢዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የቤት ሠራተኛዎ ትሕትና ያላት ልጅ ነች፤ እመቤት አበባው እንዲቆፈር አይፈልጉም ብላ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ውኃ አጠጥታ መልሳኛለች።

ስለዚህ የምለምንዎ መሬቱን አይደለም። መሬቱ ልማቱን ይጠብቅ። ጆንያዎቹንም፣ ድንቹንም፣ የሁለት ዓመቱንም አፈር አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታም አያስፈልገንም፣ የሚጻፈው በእኔው ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁና። የምለምንዎ አንድ ጣሳ ትል ነው፤ ከአንድ ጽጌረዳ ሥር በማንኪያ ይወጣል። ጣሳውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለአየር ናቸው። እባክዎ ግን፣ እንደ ሰው እለምንዎታለሁ፣ ከመላክዎ በፊት እንዳያጥቧቸው።

የቢሮዎ በር ሲከፈትና ሲዘጋ በማየት ያረጁ ዓይኖቼ እርስዎን ከነማዕረግዎ፣ ከነመኪናዎ፣ ከነሪባን መቁረጫ መቀስዎ ለብዙ ዘመን እንዲያዩ እየተመኘሁ፣ ማኅተም ስለሌለኝ በአውራ ጣቴ አሻራ አትሜ፣ ከአክብሮት ሁሉ በላይ በሆነ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ገርባ ቱፋ
ማመልከቻ ጸሐፊ
ሰማያዊው ጃንጥላ ሥር
ቡራዩ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

አባሪ፦ አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ክዳኑ የተበሳ

ግልባጭ፦
ለክብርት ባለቤትዎ፣ አበባው እንደማይጎዳ እንዲያውቁት
ለአቶ ወንዲ፣ ባልዲያችንን እንዲመልስ
ሳህኑን ፎቶ ላነሱት ሁለት እንግዶች፣ ምን እንዳነሱ እንዲያውቁት

ማሳሰቢያ፦ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ በሐምሌ፣ ከሱሉልታ የመጣ አንድ ወጣት በዝናብ ረጥቦ ጃንጥላዬ ሥር ተጠለለ። ሥራ ሊጠይቅ ነበር፣ ማመልከቻ ማስጻፊያ ግን አልነበረውም። በነጻ ጻፍኩለት። "ወገኔን በቅንነት ለማገልገል ያለኝን ጽኑ ፍላጎት እየገለጽኩ" የሚለው መስመር የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ የተቀጠሩት በእርሱ ነው። ዛሬ ያንን መስመር በዚህ ደብዳቤ በይፋ እንዲመለስልኝ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን የዚያን ዕለት ዝናቡ ስላላባራ ቤት ወስጄዎት ነበር፣ ጠጅቱም ከማሳዋ ያወጣችውን ድንችና ጎመን አቅርባልዎ ሁለት ጊዜ ጨምራልዎታለች። በነጩ ሳህን ቀን ሲጨብጧት አውቃዎታለች፤ ለእኔም ቢሆን የነገረችኝ ትናንት ነው። ደብዳቤውን አንብቤላት ስጨርስ ከግድግዳው ሳትዞር ጠየቀችኝ፦ "ያ የሱሉልታው ልጅ፣ ያን ቀን ጠግቦ ነበር?" መልስዎን በጣሳው ውስጥ ይላኩልኝ።